መብራቱን አታንቀሳቅሺው

«ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ በቃ» አለች የሟች እህት ሻይዋን እፍ እፍ እያለች። «ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እህል የሚባል ነገር በአፉ አልዞረም። ወንድሜን አውቀዋለሁ። በሽታ ብቻውን እንዲህ አያደርገውም። አንድ ሰው አንድ ነገር ብሎታል።»

በሳሎኑ ዙሪያ ከተደረደሩት የኪራይ ወንበሮች ላይ ቀና ያለ ሰው አልነበረም፤ ያልሰማ ሰውም አልነበረም። ፋኖስ የሻይ ፔርሙሱን ይዛ ከሴትየዋ ጀርባ ቆማ ነበር። ብርጭቆዋን ሞላችላትና ወደሚቀጥለው ለቀስተኛ አለፈች። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። የዚህች ልጅ እጅ ድሮም አይንቀጠቀጥም፤ ይህን ልብ ያለ ሰው ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አልነበረም።

ያ «አንድ ሰው» እሷ ናት። ያ «አንድ ነገር» ምን እንደሆነም ከእሷና ከሟቹ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስላትም ነበር። ለቅሶው ከተጀመረ ወዲህ ሻይ ስትቀዳ፣ ወንበር ስታቀብል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» ስትል፣ በልቧ የምታመላልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ያልኩትን አምኖ ነው የሞተው ወይስ ሳያምን? አምኖ ከሆነ ገድዬዋለሁ። ሳያምን ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ በዚህ ቤት የኖርኩት ዘመን በሙሉ እንዳልኖርኩት ሊቆጠር ነው።

ሰፈሩ ሟቹን የሚያውቀው «ኦሪጅናል» በሚል ቅጽል ስም ነው። የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ልቡ ግን ከቤቱ በስተኋላ ባለችው ክፍል ውስጥ ነበር። እዚያ፣ ሌላው ሰው አውጥቶ የጣላቸው የድሮ ኮምፒዩተሮች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ ጀርባቸው ያበጠ ሞኒተሮች፣ ድሮ ነጭ የነበሩ አሁን እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ የሆኑ ሳጥኖች። እየፈታ፣ አቧራቸውን እያራገፈ፣ የለቀቀውን እየበየደ ነፍስ ይዘራባቸዋል። ምን እንደሚጠቅሙ የጠየቀው ሰው ሁለተኛ እዚያ ክፍል አይገባም። እሁድ እሁድ እንደ እሱው ያበዱ ሁለት ጓደኞቹ ይመጣሉ። አንደኛው ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሥራ ሲሰጡት «አንድ ደቂቃ» ብሎ ወር ስለሚያቆይ «ደቂቃ» ይሉታል። ሌላው የጂኦግራፊ መምህር ነው።

የኦሪጅናል ሕግ አንዲት ናት፦ ፋብሪካው ያስገባው ዓይነት ክፍል ካልሆነ አይገባም። የተበላሸው ክፍል ዓይነቱ እስኪገኝ ዓመትም ቢፈጅ ይጠበቃል። «ከሌላ የመጣ ክፍል የገባበት ኮምፒዩተር ሬሳ አፍ ውስጥ የተተከለ የወርቅ ጥርስ ነው» ይል ነበር። አንድ እሁድ መምህሩ ኪቦርዱ የተቀየረ ኮምፒዩተር ታቅፎ ቢመጣ፣ ዕቃውን ደጅ አስቀምጦ እንዲገባ አደረገው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። መምህሩ ጨዋታ መስሎት እየሳቀ ገባ፤ ሲወጣ ዕቃው ውሃ ጠጥቶ አገኘው። ከዚያም በኋላ እሁድ እሁድ መምጣቱን አልተወም። ኦሪጅናል ሰውን እንዲህ እያደረገ ሰው የማይለየው ዓይነት ፍጥረት ነበር።

ፋኖስ ወደዚያ ቤት የገባችው የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና ሳይበቅሉ፣ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ ነው። እናቷ ሁለተኛ ሚስት ሆና መግባቷ ነበር። በገቡ በሰሞኑ ልጅቷ ወደ ኋላ ክፍል ዘልቃ፣ በበሩ ብቅ ብላ «አባዬ፣ ምሳ ደርሷል» አለችው። ሰውየው ካቻቢቴውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ እንደ ተማሪ ነው ያስረዳት።

«አየሽ፣ በሌላ ፋብሪካ ዕቃ ላይ የራስን ማርክ መለጠፍ ማጭበርበር ይባላል። እኔን ጋሼ በይኝ።»

ለጓደኞቹ ሲያስተዋውቃት ደግሞ «ይቺ ከእናቷ ጋር የመጣች ናት» ይል ነበር፤ ከሞኒተር ጋር ስለመጣ ገመድ በሚናገርበት ድምፅ። ጓደኞቹ ይስቃሉ። ሻይ ይዛ የቆመችው እናቷም አብራ ትስቃለች። ፋኖስ ያንን የእናቷን ሳቅ እስካሁን ይቅር አላለችውም።

ሆኖም አንድ ሥራ ሰጣት። የድሮ ኮምፒዩተር ሆድ ጠባብ ነው፤ ሁለት እጅ ከገባበት ብርሃን አይገባም። ስለዚህ የእጅ ባትሪ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ከትንሽ ዱካ ላይ አስቀምጦ አሳያት፦ ክንድን ከጎን አጥንት ጋር አጣብቆ፣ በአፍንጫ እየተነፈሱ፣ ዓይንን ከብርሃኑ ሳይነቅሉ። «መብራቱን አታንቀሳቅሺው» ይላታል። ካንቀሳቀሰችው የካቻቢቴው እጀታ ጣቷ ላይ ያርፋል። ስሟንም ያወጣላት ያን ጊዜ ነው፤ ፋኖስ። በመዝገብ ያለውን ስሟን ከእናቷ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ እናቷም ኋላ ኋላ ተወችው። ልጅቷ ግን ስሟን ወደደችው። እሱ ስላወጣላት ወደደችው። ሰውየውን ትወደው ነበር፤ ይህን ደብቆ ማለፍ አይቻልም። ዓመታት ሙሉ ከእጁ ሥር ተቀምጣ፣ ጣቶቹ የሚሠሩትን ከእሱ ይልቅ እሷ ቀርባ ስታይ፣ ሥራው ሳታውቀው ወደ ራሷ እጅ ገባ።

ከሥራ ጠረጴዛው በላይ የአንድ ጎረምሳ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ የመጀመሪያ ሚስቱ ልጅ። ሌላ ከተማ ፋርማሲስት ነው። አባቱን ለመጠየቅ ከመጣ ስንት ጊዜው እንደሆነ ሰው ረስቶታል። ኦሪጅናል ግን ፎቶውን በየጊዜው በመሐረብ ይወለውለዋል። በጣቱ እየጠቆመ «ይሄ ነው የእኔ ሥራ» ይላል።

ከዕቃዎቹ ሁሉ የበላይዋ ደግሞ «እሜቴ» ናት። በወጣትነቱ ከሁሉ በፊት የገዛት ኮምፒዩተር ናት፤ ከእሱ እጅ በቀር እጅ አልነካትም፣ አንዲት ብሎኗ አልተለወጠችም። እሁድ እሁድ ጓደኞቹ ሲሰበሰቡ ያበራታል። «ጢት» ትልና አረንጓዴ ፊደል ትጽፋለች። እሱ ያን ጊዜ ባርኔጣውን ያወልቃል።

ዓይኑን ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ «እሁድ እሁድ አብሪልኝ፤ ሳትበራ ከቆየች ትታመማለች» ብሎ አደራ ሰጣት። ፋኖስ አበራች። እሜቴ «ጢት» ሳትል «ጧ» አለች፤ ክፍሉ የተቃጠለ ዓሣ በሚመስል ሽታ ታፈነ። ልጅቷ ስፒናውን ነቅላ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ከፈተቻት። ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚሰጡ፣ ትናንሽ በርሜል የመሰሉ አራት ካፓሲተሮች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ አንዱ ፈንድቶ ነበር። በእርጅና ደርቀዋል። የእነሱ ዓይነት ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። አዲሶቹ ደግሞ የእነሱን ሲሶ አያህሉም፤ ቢገቡ ሰውየው በጣቱ ዳብሶ ያውቃቸዋል።

ያደረገችው ይህን ነው። አራቱንም ነቀለች። ከሥራቸው ያለውን የጎማ ክዳን በወረንጦ ፈልቅቃ የደረቀውን ሆድ ዕቃቸውን አወጣች። ባዶ በቀረው አሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ አዲሱን፣ ትንሹን፣ አስቀመጠች። የፈነዳውን በጥፍሯ እየተጫነች አስተካከለች፣ ክዳኑን መልሳ አጣበቀች፣ በነበረበት በየደችው። ብየዳው አዲስ ሆኖ እንዳያብለጨልጭ አቧራ በሻይ አርሳ ቀባችው። ከውጭ ለሚያይ እሜቴ ዱሮ የነበረችው ናት።

ኦሪጅናል ጥቁር መነጽር አድርጎ ተመለሰ። ጓደኞቹ ተሰበሰቡ፤ እየዳበሰ ማብሪያውን ተጫነ። «ጢት» አለች። ፊቱ እንደዚያ ሲበራ ፋኖስ አይታ አታውቅም።

«አያችሁ?» አለ። «ኦሪጅናል አይሞትም።»

እሷ መብራቱን ይዛ ቆማ ነበር። ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አየችና ተወችው። ስጦታ ይሁነው አለች በልቧ። ሰው ስጦታ ሰጥቶ ሰጪው ሳይታወቅለት ሲቀር ደስታው ቀስ እያለ እንደሚመር ያን ጊዜ አላወቀችም።

ከዚያ ወዲያ ዓይኑ እየከዳው ሄደ። መበየጃውን የምትይዘው እሷ ሆነች። እሱ አጠገቧ ይቀመጥና ሁለት ጣቱን አንጓዋ ላይ ያሳርፋል፤ ሲጨርሱ «እጄ ገና አልከዳኝም» ይላል። እሁድ ሲመጣ ጓደኞቹ የተበየደውን ቦርድ ወደ መስኮት ወስደው እያገላበጡ ይደነቃሉ። ፋኖስ ሻይ ትቀዳለች።

አሁንም ሻይ እየቀዳች ነው። ሰዓት ሠሪውና መምህሩ ከሟች እህት ፊት ለፊት ተቀምጠው የሰውየውን እጅ እያነሱ ያወድሳሉ፤ ዓይነ ስውር ሆኖ የበየደው ከጤነኛው ይበልጥ ነበር ይላል መምህሩ። አፈሩን ያቅልለትና ሁለተኛ እንደሱ ያለ አይወለድም ይላል ደቂቃ። ጥግ ላይ ስልኩን የሚነካካው ፋርማሲስት «አዎ፣ ይላሉ» ብሎ መለሰላቸው። ለቀብር መጥቶ በዚያው የቆየ ነው። አክስቱ በየሰዓቱ ግንባሩን ትስመዋለች።

ከመሞቱ በፊት የሆነው እንዲህ ነበር። ኦሪጅናል አልጋውን ወደ ኋላ ክፍል አስወስዶ፣ እሜቴን ፊት ለፊቱ አድርጎ ተኝቷል። አንድ ከሰዓት ለልጁ ስልክ አስደወለ። ሲጨርስ፣ እሜቴ ለልጁ እንደምትሄድ ተናገረ። ፋኖስ በሕይወቷ ከእሱ አንድ ነገር ለምና አታውቅም፤ ያን ቀን ግን «ሌላውን ሁሉ ይውሰዱት፤ እሷን ብቻ ለእኔ ይተዉልኝ ጋሼ» አለችው።

ሰውየው ከልቡ ሳቀ።

«አንቺ? ምን ልታደርጊባት? ኦሪጅናል ለኦሪጅናል ነው የሚሄደው። አንቺ መብራት ያዥ ነሽ፤ መብራቱን ውሰጂ።»

ያን ጊዜ ነገረችው። አልጮኸችም፤ ቀስ ብላ፣ እያጣጣመች ነው የነገረችው። ዓሣ ዓሣ ስለሸተተው ጭስ፣ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ስለተቀመጡት አዲሶቹ አራቱ፣ በሻይ ስለራሰው አቧራ።

«ኦሪጅናልዎ ከሞተች ቆይታለች» አለችው። «እሁድ እሁድ ባርኔጣ ሲያወልቁ የነበረው ለእኔ ነው።»

ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እህል እንቢ አለ፣ ሰው እንቢ አለ። ፋኖስ የመጀመሪያውን ቀን ደስ ብሏት ዋለች፤ በማግስቱ ፈራች፤ ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ቆማ ጀርባውን እያየች ማልቀስ ጀመረች። አንድ ቀን ደቂቃን አስጠራ። በሩ ተዘግቶ ሁለቱ ብቻቸውን ብዙ ቆዩ። ሰዓት ሠሪው ሲወጣ ኦሪጅናል አልጋው ላይ ተቀምጦ ሾርባ ጠየቀ። ፋኖስ አመጣችለት፤ አንድ ማንኪያ ቀመሰና «ፋኖስ፣ ጨው አንሶታል» አላት።

ጨው ጨመረችለት። ጥርግ አድርጎ ጠጣ። ሲነጋ ሞቶ ተገኘ።

የለቅሶውን ቀናት የኖረችው በዚያች ቃል ነው። ፋኖስ ብሎ ጠርቷታል። ከእጇ በልቷል። ያልኩትን አምኖ፣ አስቦበት፣ ይቅር ብሎኝ ነው አለች። ሰው በቀጭን ነገር ላይ ይህን ያህል ጎጆ ይሠራል።

«አንድ ሰው አንድ ነገር ብሎታል» ስትል የሟች እህት ደገመችው፤ አሁን ዓይኗን ሰዓት ሠሪው ላይ ተክላለች። «አንተ ከእሱ ጋር በር ዘግተህ ነበር። ደብቀህ የት ልትደርስ ነው?»

ደቂቃ ብርጭቆውን አዞረ፣ መልሶ አዞረ። ሽማግሌው ሐሜተኛ አይደለም፤ ግን ሰው ሲጫነው መቋቋም አያውቅም። ቀስ ብሎ ተናገረ። ልጅቷ የእሜቴን ውስጥ ለውጫለሁ ብላ ለሟቹ እንደነገረችው፣ እሱም ሌሊት ከቀን እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር፣ ከፍቶ እንዲያይለት እንደለመነው ተናገረ። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ከፈታት። በሰዓት መሥሪያው አጉሊ መነጽር እያንዳንዷን ብየዳ፣ እያንዳንዷን ቆርቆሮ አየ።

«እጅ ያልነካት ናት» አለ ደቂቃ። «እንደዚያ ብዬ ነገርኩት። ልጅ ሆነ በሉኝ። እጄን ይዞ ሳመኝ።»

«እና ምን አለ?» አለች እህትየው።

ሽማግሌው ፋኖስን ሰረቅ አድርጎ አያት። «ይቅር እባክሽ።»

«ምን አለ ወንድሜ?»

«‹ውሸታም መሆኗን አውቄዋለሁ› አለ። ‹የእሷ እጅ ለዚህ አይደርስም› አለ።»

ፋርማሲስቱ እንኳ ከስልኩ ቀና አለ። ፋኖስ ፔርሙሱን እንደያዘች ነው። ጥያቄዋ ተመለሰላት። ሰውየው በሰላም ነው የሞተው፤ በእሷ ላይ እየሳቀ ነው የሞተው፤ ጨው አንሶታል ያላት ሾርባው ጨው ስላነሰው ነው። ደግሞም፣ ይህን ማሰብ ራሱ አሳፈራት፣ ከሆዷ ሥር አንድ ኩራት ቢጤ ብቅ አለ። በከተማው አለ የተባለው ዓይን፣ በአጉሊ መነጽር፣ ሥራዋን አይቶ አላወቀውም። ከዚህ የበለጠ ሙገሳ ሰምታ አታውቅም። የተጻፈላት ግን ውሸታም በሚል ስም ነው።

የሟች እህት አላለቀሰችም፤ ያገኘችው ነገር ከለቅሶ ይበልጥባት ነበር። «የሚሞትን ሰው!» አለች ለለቀስተኛው ሁሉ እያዞረች። «ያሳደጋትን ሰው!»

እናቷ ከወንበሯ ተነሳች። ፋኖስ ለቅጽበት ወደ እሷ የምትመጣ መሰላት።

«እትዬን ይቅርታ ጠይቂ» አለቻት እናቷ። «በሰው ፊት አታሳፍሪኝ።»

«ይቅርታ» አለች ፋኖስ። ከዚያ የቀረውን ሻይ ቀዳች።

ያንኑ ዕለት መምህሩ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ለስንብት እሜቴን እናብራት አለ። ሁሉም ወደ ኋላ ክፍል ተግተልትሎ ገባ። አልጋው ተነጥፏል። ፋርማሲስቱ በአባቱ ፋንታ ማብሪያውን ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ። ምንም። መምህሩ «ባለቤቷን ተከትላ ሄደች» ብሎ ግድግዳው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። «ወይ ይቺ ነክታት ይሆናል» አለች እህትየው።

ደቂቃ ብሎኖቹን ፈታና እንደ ልማዱ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። «ፋኖስ፣ እስቲ መብራቱን።»

ባትሪውን አብርታ ክንዷን ከጎኗ አጣበቀች። ነገሩን ገና ከመብራቱ ጋር አየችው። ሽማግሌው ያን ቀን አልጋ ላይ ከፍቶ በችኮላ ሲዘጋ፣ ከኃይል ሳጥኑ ወደ ዋናው ቦርድ የሚሄደው ገመድ በክዳኑ ተይዞ መሰኪያው ግማሽ መንገድ ተነቅሏል። በአውራ ጣት አንድ ጊዜ መጫን ነው። የሱ ስህተት ነው። የበላይ ተመልካች ሆኖ የመሰከረባት ሰው ስህተት።

መብራቱን ከዚያ ጥግ ፈቀቅ አደረገችው። እሱ ወደ ግራ ሲያይ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያይ ወደ ቀኝ ታበራለታለች፤ ያቺን መሰኪያ ግን ጥላ ውስጥ ትታታለች። ዓመታት መብራት የያዘ ሰው ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ ከሠራተኛው ይልቅ እሱ ነው የሚወስነው። ሽማግሌው ብዙ ፈለገ፤ አላገኘም። «አልቆላታል» ብሎ ክዳኑን መለሰ። ፋኖስ መብራቱን አጠፋች። ምንም አላዘነችም፤ በዚያች ሰዓት ሁሉም አብረው ቢቀበሩ ግድ አልነበራትም።

የኪራይ ወንበሮቹ በተመለሱበት ቀን ፋርማሲስቱ መኪናውን ደጅ አቁሞ የሚወስደውን መምረጥ ጀመረ። የአባቱን ኮትና የግድግዳውን ፎቶ ያዘ፤ የራሱን ፎቶ። ወደ እሜቴ ሲደርስ በጣቱ አቧራዋን ነካና ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«የማትሠራ ከሆነች ምን ያደርግልኛል?» አለ። «ከሌሎቹ ጋር ቁራሌው ይውሰዳት።»

ሊሰናበት የመጣው ደቂቃ ደነገጠ። «አንድ ደቂቃ ስጠኝ ልጄ» አለ። ፋርማሲስቱ ሰዓቱን እያየ ወጣ። ሽማግሌው ከእሜቴ ፊት ተቀመጠና ካቻቢቴውን አነሳ፤ ግን ምን እንደሚፈልግ አያውቅም።

ፋኖስ በሩ ላይ ቆማ አየች። ቁራሌው ያቺን ሳጥን በድንጋይ ሲሰብራት፣ መዳቡን ከቆርቆሮው ሲለይ ታያት። ቂሟ አልበረደም። ግን እሜቴ እንድትሰበር ልቧ እንቢ አለ፤ ከሰውየው የቀራት ነገር ሌላ የለም። ሄደችና የእጅ ባትሪውን ከመደርደሪያው አንስታ ለሽማግሌው አቀበለችው።

«ይነሱልኝ» አለችው። «እርስዎ ይያዙልኝ።»

ዱካውን ለቀቀላት። ብሎኖቹን ፈታች። ብርሃኑ ሳጥኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል።

«መብራቱን አያንቀሳቅሱት» አለች።

መብራቱ ቆመ። መሰኪያውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ «ቀጭ» ብሎ ገባ። ገመዱን በወረንጦ ስባ ከክዳኑ መንገድ አወጣችው፤ ስትሠራ ሁለተኛ ጊዜ የምትነካው ነገር አልነበረም። ከዚያ ጣቷ አራቱ ቆርቆሮዎች ላይ ትንሽ አረፈ። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ፤ ያን ጊዜ የሚያየው ማሽኑን ሳይሆን እጇን ነበር።

«አንቺ ልጅ» አለ። «ነክተሻቸው ነበር እንዴ?»

ጣቷን አነሳች።

«አንዷን ብንከፍታት ይታወቃል። ምላጭ ይዣለሁ። ንገሪኝ እባክሽ፤ ለሚሞት ሰው ምን ብዬ እንደመሰከርኩ ልወቅ።»

ልትከፍተው ትችል ነበር። አንድ ጊዜ ሸርተት ማድረግ ነው፤ አዲሷ ትንሿ ከአሮጌው ቆርቆሮ ብቅ ትላለች፤ ሳሎኑ ሁሉ ይጠራል፣ እህትየው አፏን ትይዛለች። ግን ማወቅ የነበረበት ሰው አውቆ ነበር። ሁለት ጣቱን አንጓዋ ላይ አሳርፎ ስንት ዓመት ሲያውቅ ኖሮ፣ ማመን አልፈለገም። ከመሬት በታች ላለ ሰው የሚከፈት ቆርቆሮ የለም። ለዚህኛው ደግሞ ማረፊያ ልትሰጠው አልፈለገችም።

«ጋሼ ያሉትን እርስዎ ራስዎ አወሩት አይደል?» አለችው ክዳኑን እየመለሰች። «የእኔ እጅ ለዚህ አይደርስም።»

ማብሪያውን ተጫነች። «ጢት።» አረንጓዴው ፊደል መጣ።

ድምፁን ሰምተው ሁሉም ሮጠው ገቡ። የሟች እህት እልል ልትል ቃጥቷት፣ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ የሰዓት ሠሪውን እጅ በሁለት እጇ አፈፍ አደረገች።

«እጅህ ይባረክ! የወንድሜን ነፍስ መለስክለት።»

ሽማግሌው የእጅ ባትሪውን እንደያዘ ፋኖስን አየ። እሷም አየችው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እሱን እየጠበቀ ነበር፤ ፋርማሲስቱ፣ እህትየው፣ በሩ ላይ ቆማ እጇን የምትፈትገው እናቷ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት።

«አሜን» አለ ደቂቃ።

ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ገመዱ ላይ አንድ ነገር አግኝቶ እንደነበር ለፋርማሲስቱ ያስረዳ ጀመር። ፋርማሲስቱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ እሜቴን ነቀላት፣ አቀፋትና ወደ መኪናው ይዟት ሄደ። ሌሎቹ ሊሸኙት ተከተሉት። እናቷ ስታልፍ «በሩን ዝጊ፤ አቧራ ይገባል» ብላት ወጣች።

ፋኖስ በሩን ዘጋች። ጠረጴዛው ላይ እሜቴ የነበረችበት ቦታ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል፤ ከፊቱ የሰውየው ክርን ቫርኒሹን የበላበት ሁለት ነጭ ቦታ አለ። የመኪናው ሞተር ሲነሳ ሰማች። ዱካዋን ሳበች፤ በልጅነቷ የምትቀመጥባት ናት፣ አሁን ጉልበቷ አገጯ ድረስ ይመጣል። የእጅ ባትሪውን አበራች። ክንዷን ከጎን አጥንቷ ጋር አጣበቀች፣ በአፍንጫዋ መተንፈስ ጀመረች፣ ብርሃኑን ባዶው ቦታ ላይ፣ እጆቹ ይሆኑ በነበረበት ልክ፣ አስተካክላ አሳረፈችው።

ክንዷ እስኪዝል ድረስ አላንቀሳቀሰችውም።